ውሻን አስተኝቶ መጫን፦ ለአንድ የተለመደ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ትልቅ ውሻ ይዞ ውጭ አገር ለመኖር የሚነሣ የአዲስ አበባ ሰው ጉዳዩን ገና ሲያነሣ የሚሰማው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «የእንቅልፍ መድኃኒት ስጠው፤ ምንም ሳያውቅ ይደርስልሃል።» ጎረቤት ይለዋል፣ ውጭ ያለ ዘመድ በስልክ ይደግምለታል፣ አንዳንዴም ክሊኒክ ገብቶ ስለ ጉዞው ሲያወራ ኪኒኑ ሳይጠይቅ ተቆጥሮ ይሰጠዋል። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። የሚቀበለውም ውሻውን የሚወድ፣ በጨለማ ብቻውን ሲንቀጠቀጥ እየታየው እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ይህን ርኅራኄ አከብራለሁ። ኪኒኑ ግን የሚያረጋጋው ውሻውን ሳይሆን ባለቤቱን ነው ባይ ነኝ።

ደግፈው የሚከራከሩ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው። የአውሮፕላን ዕቃ መጫኛ ክፍል ቀዝቃዛና አየር የሚያጥርበት ነው፤ በረራው ረጅም ነው፤ ውሻ ለምን እዚያ እንደታሰረ ማስረዳት አይቻልም፤ ስለዚህ ጊዜውን ተኝቶ ቢያሳልፈው ይሻለዋል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን መነሻዎቹ አይጸኑም።

ከአየሩ እንጀምር። እንስሳ የሚጫንበት የአውሮፕላኑ ሆድ፣ መንገደኛው ከተቀመጠበት ክፍል ጋር አንድ ዓይነት የአየር ግፊት አለው። ለመንገደኛ አውሮፕላን በመደበኛ በረራ የተፈቀደው ዝቅተኛ ግፊት በ8,000 ጫማ፣ ማለትም በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር እኩል ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንጦጦ ሥር ተወልዶ ያደገ ውሻ በበረራ ላይ የሚተነፍሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲተነፍሰው የኖረውን ዓይነት አየር ነው። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ደግሞ የውስጥ ግፊታቸውን በ6,000 ጫማ ወይም በ1,800 ሜትር ገደማ ስለሚይዙ፣ ውሻው ሰማይ ላይ ሆኖ ከሰፈሩ የተሻለ ኦክስጅን ያገኛል። ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ውሻ የተጻፈን ስጋት ለቦሌና ለሽሮ ሜዳ ውሻ እንዳለ መገልበጥ ትንሽ ያስቃል። ቅዝቃዜውን በተመለከተም፣ ሕይወት ያለው እንስሳ ሲጫን ካፒቴኑ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ የሚጫነውም ሙቀቱን መቆጣጠር በሚቻልበት ክፍል ነው። ጨለማውንና ጩኸቱን አልክድም።

ፍርሃቱ የሚበረታው የት ነው? የምክሩ ባለቤቶች በረራው ላይ ነው ብለው ያምናሉ። በ2002 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ የእንስሳት ሕክምና ምርምር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ተመራማሪዎቹ 24 ቢግል ውሾችን በአውሮፕላን አጓጉዘው የልብ ምታቸውን፣ እንቅስቃሴያቸውንና የኮርቲሶል መጠናቸውን ለኩ፤ ለከፊሎቹም አሴፕሮማዚን የተባለውን ማስታገሻ ሰጡ። የውሾቹ ልብ በጣም የመታው አውሮፕላኑ ላይ ሲጫኑና ሲወርዱ ነበር። አየር ላይ ሳሉ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ ያለ እንቅስቃሴ ነው ያሳለፉት። መድኃኒቱን የወሰዱትና ያልወሰዱት ደግሞ በተለካው ነገር ሁሉ ልዩነት አልታየባቸውም። ጥናቱ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢግልም ግቢ የሚጠብቅ ጀርመን ሸፐርድ አይደለም። ቢሆንም ክርክሩ የቆመበትን ቦታ ይነካል። ጭንቁ የበዛው ሰው፣ ፎርክሊፍትና የሞተር ጩኸት ባለበት በተርሚናሉና በአስፋልቱ ላይ ከሆነ፣ ለበረራው ሰዓት ተብሎ የሚሰጥ ኪኒን ዒላማውን ስቷል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። አሴፕሮማዚን ጡንቻን ያፈዛል፤ ፍርሃትን ያጠፋል ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ግን አይቻልም። ዓይኑ የተንጠለጠለ፣ አንገቱን መሸከም ያቃተው ውሻ ለሚያየው ሰው የተረጋጋ ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ፈራ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው ፍርሃቱን የሚገልጽበት አቅም ነው። ከዚህ የባሰው የሰውነቱ ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰውነት ሙቀቱን የሚቆጣጠርበት ዘዴም ይዛባል። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ ለማለክለክ ደግሞ ንቁ መሆን አለበት። ሳጥኑ ሲያዘነብል እግሩን ተክሎ ሚዛኑን መጠበቅ፣ ቢያስታውከው አንገቱን አዙሮ ትንፋሹን ማዳን፣ ቢሞቀው ከተኛበት ተነሥቶ ወደ አየር ማስገቢያው መጠጋት የሚችለው የነቃ ውሻ ብቻ ነው።

ለእኛ አገር በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። ኤምዲአር1 በሚባለው ዘረ መል ላይ ጉድለት ያለባቸው ውሾች ለአሴፕሮማዚን ከሚጠበቀው በላይ ይሸነፋሉ፤ ትንሹ መጠን ለረጅም ሰዓት ያደነዝዛቸዋል። ጉድለቱ በኮሊ ዝርያ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ በጀርመን ሸፐርድም አለ። የአዲስ አበባ ግቢዎች በጀርመን ሸፐርድና በክልሶቹ የተሞሉ ናቸው። ውሻው ጉድለቱ ይኑረው አይኑረው ሳይታወቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከርበት ቦታ ማንም የማያየው የአውሮፕላን ሆድ ሊሆን ነው ማለት ነው።

«እሱ ይቅርና ዲያዜፓም እንስጠው» የሚሉ አሉ። ዲያዜፓም በውሻ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚደረገው ጉዞ ደግሞ ከ12 ሰዓት በላይ ነው፤ ቀድሞ ካርጎ ለማስረከብ የሚጠበቀው ጊዜ ሲጨመር ቀን ሙሉ ይሆናል። በቤቱ በር ላይ የደነዘዘው ውሻ ግማሽ መንገድ ላይ፣ የት እንዳለ በማያውቅበት ቦታ ይነቃል። በአንዳንድ ውሻ ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ተገላቢጦሽ ይሠራና ከማፍዘዝ ይልቅ ያቅበጠብጠዋል። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ሆነ ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) ለበረራ ተብሎ ውሻን ማደንዘዝን የማይመክሩት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። እየተንገዳገደ የመጣን ውሻ አልጭንም የሚል የካርጎ ሠራተኛም በደንብ ሥራውን ያወቀ ነው።

ቁጥር ይነሣ ከተባለ፣ በ2017 የአሜሪካ አየር መንገዶች ካጓጓዟቸው ከ500,000 በላይ እንስሳት መካከል 24 መሞታቸውን ሪፖርት አድርገዋል። ቁጥሩ የእነሱን ብቻ የሚመለከት ስለሆነ ለዓለም ሁሉ አይጠቀስም፤ ነገር ግን «የውሻ ሬሳ ነው የሚደርሰው» የሚለውን ወሬ ያስታግሳል። ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው የሟቾቹ ዓይነት ነው። የዚያው አገር የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከ2005 እስከ 2010 ባለው አምስት ዓመት ውስጥ ከተመዘገቡት 122 የውሻ ሞቶች ግማሽ ያህሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች መሆናቸውን ገልጿል፤ ኢንግሊሽ ቡልዶግ ብቻውን 25፣ ፐግ ደግሞ 11 ነበሩ። ከሌሎቹ ቀድመው የሚጎዱት በተፈጥሯቸው ትንፋሽ የሚያጥራቸው ናቸው። እንግዲህ ትንፋሹ ደህና የሆነውን ውሻ በገዛ እጃችን አድክመን ከእነዚህ ጎራ ለምን እንጨምረዋለን?

እስካሁን ያልነካሁት ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ በቁም ነገር ልወስደው ይገባል። «ይህ ሁሉ ከቡችላነቱ ጀምሮ ሳጥን ውስጥ መተኛት ለለመደ የፈረንጅ ውሻ ይሠራል። የእኛ ውሻ ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ፣ ከግቢ በር ወጥቶ የማያውቅ፣ መኪና ላይ የወጣው ለክትባት ብቻ የሆነ፣ ጸጉረ ልውጥ ሲያይ እንዲናከስ ተብሎ ያደገ ነው። እሱን በነቃ አእምሮ ሳጥን ውስጥ ብትቆልፈው ሽቦውን ሲነክስ ጥርሱ ይሰበራል፣ ሲቧጥጥ ጥፍሩ ይነቀላል።» እውነት ነው፤ ይደርሳል። ነገር ግን ይህ ክርክር ውሻው ገና ለጉዞ አለመድረሱን ነው የሚያሳየው። ሳጥን ያልለመደ ውሻ ደንዝዞ ሲገባ ጭንቀቱ ለሰዓታት ይዘገይ እንደሆነ እንጂ አይቀርለትም፤ መድኃኒቱ ሲለቀው ሽቦውን መንከስ ይጀምራል፣ ያኔ ደግሞ የሚያየው የለም።

መድኃኒቱ ይሠራዋል የተባለውን ሥራ በእውነት የሚሠራው ጊዜ ነው፤ ጊዜውን ደግሞ ሕጉ ራሱ አስገድዶ ይሰጠናል። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ካለባቸው አገሮች ትመደባለች። ከዚህ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር የሚገባ ውሻ መጀመሪያ ማይክሮቺፕ ይቀበርለታል፤ ከዚያ ይከተባል፤ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰድለታል፤ ደሙ በኅብረቱ ፈቃድ ወዳገኘ ላቦራቶሪ ተልኮ የአንቲቦዲው መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ መለኪያ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ሦስት ወር ይጠበቃል። ክትባቱ ከቺፑ ቀድሞ ከተሰጠ አይቆጠርም፤ እንደገና ይጀመራል። ብሪታንያም ተመሳሳይ ቆይታ ትጠይቃለች፤ ውሻውም በአውሮፕላን የሚገባው በካርጎ ብቻ ነው። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ደግሞ ከነሐሴ 2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወዲህ ሕጉ ጠብቋል፦ ውሻው ስድስት ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለው፣ በተፈቀደ ቅጽ ላይ ክትባቱ የተረጋገጠለት፣ ፈቃድ ባለው የእንስሳት ማቆያ ቦታ የተያዘለት ሆኖ፣ እንዲህ ያለ ማቆያ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ መግባት አለበት። የደም ምርመራ ከሌለው 28 ቀን ተለይቶ ይቆያል። ከአሜሪካ ውሻውን ይዞ አዲስ አበባ ለሥራ የመጣ ወገናችን ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ የተሰጠውን ክትባት የሚያረጋግጠው ቅጽ ከአሜሪካ ሳይወጣ በመንግሥት መጽደቅ አለበት፤ ይህን ሳያደርግ የመጣ ሲመለስ ውሻው ውጭ አገር እንደተከተበ ይታይበታል።

ስለዚህ ወደ አውሮፓ የሚሄደው አራት ወር ያህል፣ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ሁለት ወር ያህል በእጁ አለ። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ ወረቀት በመጠበቅ ያሳልፈዋል፤ ሳጥኑን የሚገዛውም በመጨረሻው ሳምንት ነው። በእኔ አስተያየት ሳጥኑ ከቺፑ ጋር በአንድ ቀን ግቢ መግባት አለበት።

ልኩን አያታ በግልጽ ያስቀምጠዋል። ውሻው ቆሞ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው ሥር ይለካል፤ በዚያ ላይ ከመሬት እስከ ፊት እግሩ ክርን ያለው ቁመት ግማሽ ሲጨመር የሳጥኑ ርዝመት ይገኛል። ስፋቱ የትከሻው ስፋት እጥፍ ነው። ቁመቱ ከመሬት እስከ ጭንቅላቱ፣ ጆሮው የቆመ ከሆነ እስከ ጆሮው ጫፍ ተለክቶ፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ይጨመርበታል። ርዝመቱ 100፣ እስከ ክርኑ 36፣ ትከሻው 26፣ እስከ ጆሮው ጫፍ 85 ሴንቲሜትር የሆነ ጀርመን ሸፐርድ ቢያንስ 118 በ52፣ ቁመቱም 87 ገደማ የሆነ ሳጥን ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የቦይንግ 737 ዕቃ መጫኛ በር ቁመት 90 ሴንቲሜትር አይሞላም። ሳጥኑ በሰፊ አውሮፕላን ሄዶ መሸጋገሪያው ላይ ጠባቡ ከጠበቀው፣ ውሻው እዚያው ይቀራል። ትኬት ከመቁረጥ በፊት የሁሉንም በረራ የአውሮፕላን ዓይነት መጠየቅ ያለበት ባለቤቱ ነው። ለጠንካራ ውሻ ጥሩ አናጢ የሠራው የእንጨት ሳጥንም ደንቡን ካሟላ ይሄዳል፦ በአራቱም ጎን አየር የሚያስገባ፣ መንኮራኩር የሌለው፣ በሩ በብረት የሚቆለፍ፣ የውኃ ዕቃው በሩ ሳይከፈት ከውጭ የሚሞላ። ውስጡ የወጣ ምስማር ወይም ስንጥር ካለ ግን ፕላስቲኩ ይሻላል።

ማን ያለማምደው? የውጭ መመሪያዎች ሁሉ «ባለቤቱ» ይላሉ። በእኛ ግቢ ግን ውሻው የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ የሚያበላውን ሰው ነው፤ እሱም ዘበኛው ነው፣ ወይም የቤት ሠራተኛዋ። ጋሼ ማታ መኪናቸውን ሲያስገቡ ጭራውን ይቆላላቸዋል እንጂ ሳጥን ግባ ቢሉት አይሰማቸውም። ሥራው ከዘበኛው መጀመርና ቀስ በቀስ ወደሚጓዘው ሰው መተላለፍ አለበት፤ አለዚያ ውሻው ቤቱንም፣ የለመደውንም ሰው በአንድ ቀን ያጣል። ሳጥኑ በሩ ተነቅሎ ውሻው በሚተኛበት ቦታ ይቀመጣል፤ ፍትፍቱ መጀመሪያ ደጁ ላይ፣ ከዚያ ገባ ብሎ፣ በመጨረሻ ከወዲያኛው ጥግ ይቀርብለታል። ማንም አይገፋውም። በራሱ ገብቶ መተኛት ሲጀምር በሩ ይገጠማል፤ እየበላ ሳለ ይዘጋል፣ ሳይጨርስ ይከፈታል። እያለቃቀሰ ከተከፈተለት ማልቀስ እንደሚያስከፍት ይማራል፤ ስለዚህ የመዝጊያው ጊዜ እንዲያለቅስ ከሚያደርገው ማነስ አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ውስጥ ሲያድር ሳጥኑ ፒክአፕ ላይ ተጭኖ ኮብልስቶን መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ይነዳል። ያ መንቀጥቀጥ ለአውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ መጎተቻ ጥሩ መለማመጃ ነው። ከዚያም የማያውቃቸው ሰዎች ሳጥኑን አንሥተው ያስቀምጡታል። የካናዳው ጥናት ልብ በጣም ሲመታ ያየው በዚህች ቅጽበት ነበርና ከሁሉም በላይ መደገም ያለባት እሷ ናት። ለዘበኝነት ያደገ ውሻ የዶክተርና የሠራተኛ እጅ እንዲታገሥ የአፍ መሸፈኛም ቀድሞ ይለምድ፤ በጉዞው ወቅት ግን ማለክለክ ስለማያስችለው ይወልቃል።

በጉዞው ቀን የሚያሰጋው ሙቀት ነው። የአሜሪካ ሕግ ውሻ በዝውውር ላይ ከ29.5 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከ45 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ይከለክላል። በክረምታችን ወራት የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃሉ፤ ደገኛው ውሻ ደግሞ እንዲህ ያለ ሙቀት አያውቅም። በዚያ በኩል ረክሶ የተገኘ ትኬት ካለ ይቅርብን፤ ቀጥታ በረራ፣ ካልሆነም በሌሊት የሚያርፍ ይመረጥ። ምግቡ ከጥቂት ሰዓታት በፊት ቀለል ብሎ ይሰጠው፤ ውኃው በሳጥኑ ዕቃ ውስጥ በረዶ ሆኖ ቢገባ ሲጫን አይደፋም፣ እየቀለጠ ይጠጣዋል። ያልታጠበ ጋቢ ወይም የለበሱት ሹራብ ከሥር ቢነጠፍለት ሽታው የቤቱ ነው።

የማልዘጋው በር አንድ ነው። ዛሬ ትራዞዶን ወይም ጋባፔንቲን የሚያዝዙ ሐኪሞች አሉ፤ እነዚህ ከአሮጌው ማስታገሻ የተለዩ ናቸው፤ ለክሊኒክ ጉብኝት ወይም ለርችት ሌሊት ጥሩ አገልግሎት ይሰጣሉ። ልቡና ትንፋሹ የተመረመረ፣ መጠኑ ቤት ውስጥ ሰው እያየው ቀድሞ የተሞከረለት፣ ልምምዱንም የጨረሰ ውሻ ላይ ሐኪሙ ቀላል መጠን ካዘዘና አየር መንገዱ ከፈቀደ አልቃወምም። የሚያስቆጣኝ ከሐኪምም ከካርጎ ሠራተኛም ተደብቆ በሥጋ ተጠቅልሎ የሚሰጠው ኪኒን ነው። በመሸጋገሪያው ላይ ውሻው ፈዝዞ ቢገኝ፣ እዚያ ያለው የእንስሳት ሐኪም ሙቀት ይሁን መርዝ ይሁን በሽታ መለየት አይችልም። ስለዚህ መስጠት የቆረጠ ሰው ቢያንስ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የተሰጠበትን ሰዓት ጽፎ ሳጥኑ ላይ ይለጥፈው፤ የአያታ ደንብም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።